ላብራቶሪው ሳይከፈት ስለተለካው የመሬት ስበት

ለተከበሩ ዶክተር መሳፍንት
የጥርባ ሳይንስ ኮሌጅ ዲን
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የዘንድሮው የከተማችን የቆሰበር ብርድ ቢሮዎን አልፎ ጉልበትዎ እንዳይደርስ፣ ካፖርትዎ ላይ የሚደርቡት ጋቢም እንዳይሳሳ አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ የፊዚክስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዋ ፋና ሽባባው ነኝ፤ የፈጠራ መረጃ አቅርበሻል ተብላ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ እንድትቀርብ ትናንት በማስታወቂያ ሰሌዳ የተጠራችው። ኮሚቴው ጥፋተኛ ካለኝ ዘንድሮ አልመረቅም። ስሜ እንዲያ በትልልቅ ፊደል ስለተጻፈልኝ ግን ከልብ አመሰግናለሁ። አቤቱታዬን በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ላብራቶሪው። የተማሪ እጅ ዕቃ ያበላሻል ብለው በሩን ስለቆለፉልን፣ ዕቃው እስከ ዛሬ አንድ ጭረት አላገኘውም። በሩ የተከፈተው ጎብኚዎች በመጡ ዕለት ነው፤ ያኔም ነጭ ጋውን ለብሰን፣ ምንም ሳንነካ፣ ዕቃው አለባቸው የተባሉት ካርቶኖች ፊት ቆመን ፎቶ ተነሣን። እኔ ግን ተደናቅፌ አንዱን ካርቶን በክርኔ ብገፋው እንደ ገለባ ቀልሎ ተንሸራተተ። ባዶ ነው አላልኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ ብቻ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ሁለተኛ፣ የመሬትን ስበት በፔንዱለም ለክታችሁ ሪፖርት አቅርቡ ተባልን፤ ቁልፉ ግን አልመጣም። የክፍል ጓደኞቼ እንደ ወጉ ከቀደሙት ተማሪዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ሪፖርት ገልብጠው ሙሉ ነጥብ አገኙ። እኔ ከግንበኛው አጎቴ ከአበረ ቱንቢ ተውሼ በዶርማችን በረንዳ ላይ አንጠለጠልኩና፣ ጓደኛዬ ሙፊዳ በስልኳ ሰዓት እየያዘችልኝ ውዝዋዜውን ቆጠርን። ያገኘነው ቁጥር ከመጽሐፉ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጥቂቱ ከአገራችን ከፍታ፣ የቀረው ከእጃችን ስህተት የመጣ ይሆናል ብዬ ይህንኑ በግልጽ ጻፍኩ። ዜሮ ተሰጠኝ። የገለበጡት ሁሉ ለኩ፣ የለካሁት እኔ ፈጠርኩ ተባለ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። በጣም ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ አልቅሻለሁም።

ሦስተኛው አጭር ነው። ሙሉ ነጥብ ባሰጠው ሪፖርት ላይ የክፍሉ ሙቀት ሠላሳ አምስት ዲግሪ ተብሎ ሰፍሯል። እንጅባራ ላይ፣ በጥቅምት ውርጭ! የመጀመሪያው ሪፖርት ከየትኛው ቆላ እንደመጣ አላውቅም፤ መምህራችን ግን ያንን ቁጥር የእጅ ሹራብ አጥልቀው ሲያርሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ዕለት ላብራቶሪው እንዲከፈት፣ ካርቶኖቹ እንዲፈቱና እኔም በፊታችሁ እንድለካ በትሕትና እለምናለሁ። ቁጥሬ ሐሰት ከሆነ ሻንጣዬን ይዤ በራሴ እግር እወጣለሁ። ቁልፉ ጠፋ ቢባል እንኳ፣ አጎቴ ቱንቢውን ሊያውሰን ፈቅዷል።

ዕቃውን ከተማሪ፣ ተማሪውንም ከዕቃ ጠብቆ ያቆየ ክንድዎ አይዛል እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ተጠርጥራ መጠርጠር የለመደችው ተማሪዎ
ፋና ሽባባው

ሳልረሳው፦ ልጅዎ ዮርዳኖስ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል መግባቷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ፊዚክስ የሚያስተምራት ባለፈው ዓመት ከእኛው ኮሌጅ በማዕረግ የተመረቀ ልጅ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት።