ያልተቆጠሩት ስድስት ጥርሶች፦ የአቶ ሕዝቅኤል ኦቡንጋ የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን አቶ ሕዝቅኤል ኦቡንጋ ከአባታቸው ከአቶ ኛንግዌሶ ኦጎላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶርካስ አኮኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በቦንዶ አካባቢ፣ ሐይቁ ከደጃፍ በሚታይበት መንደራችን ተወለዱ። አባታችን ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ስድስቱ የታች የፊት ጥርሶቹ ይነቀሉ ስለ ነበር የእርሳቸውም ተነቅለዋል። ሕዝቅኤል ግን ሚሽን ትምህርት ቤት ስለ ገቡ ሙሉ አፍ ይዘው አደጉ።

በ1971 ናይሮቢ ላይ በሰው ሠራሽ ጥርስ ሥራ ሠልጥነው ኪሱሙ ከተማ ተቀጠሩ። በ1974 ከወይዘሮ ፔሪስ አሎ ጋር ትዳር መሥርተው አራት ልጆች አፈሩ። የታካሚውን መንጋጋ በጄሶ ቀርጸው፣ ጉድለቱን በአራት መደብ ይለዩ ነበር፦ በሁለቱም በኩል የኋላው ያለቀበት አንደኛ፣ በአንድ ወገን ብቻ ያለቀበት ሁለተኛ፣ ክፍተቱ ከፊትም ከኋላም ጥርስ የቀረለት ሦስተኛ፣ የፊቱ የጎደለበት አራተኛ። ደንቡ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ጎድሎ በሰው ሠራሽ የማይተካ ጥርስ በመደቡ አይቆጠርም። የመንደራችን ሽማግሌዎች ደግሞ የፊቱን ክፍተት ማን አስነክቶ! አንዱ አዛውንት፣ "አንተ የኛንግዌሶ ልጅ፣ የተከበርኩበትን ቀዳዳ ልትደፍን ነው? ይልቅ የኋላውን ሥራና ሥጋ አብላኝ!" ብለው ሲያስቁባቸው ሰምተናል። ስለዚህ ለአባታችንም የኋላ ጥርሳቸውን ሲሠሩላቸው፣ በሕክምና ካርዳቸው ላይ "አንደኛ መደብ" ብቻ ብለው ጻፉ። እኛ ዘንድ ያ የፊቱ ክፍተት ጉድለት አይባልምና ማንም ልብ አላለውም።

በመጋቢት 1989 አባታችን የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጠመች። ሐይቁ ሬሳ የመለሰው በስምንተኛው ቀን ነው፤ ፊት የሚባል ነገር አልቀረም። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን እንደ ልማዳቸው ቤት አውልቀው ነበር የሄዱት። ወንድማችን ለሥራ ሞምባሳ ስለ ነበሩ፣ ሬሳ ለሚለየው ሐኪም ካርዱ ብቻ ተላከ። እናታችን ካርድ አላስፈለጋቸውም። አንዱን ሬሳ አይተው፣ "ይሄ የእኔ ነው። አርባ ዓመት የሳቀልኝን አፍ አጣዋለሁ?" አሉ። ከሩቅ አገር የመጣው ሐኪም ካርዱን አገላብጦ፣ "እማማ፣ የባለቤትዎ የፊት ጥርስ አልጎደለም። የገዛ ልጅዎ ነው የጻፈው" አላቸው። እናታችን ማንበብ አይችሉም ነበርና፣ የልጃቸው ጽሑፍ ነው ሲባሉ ከሬሳው ራቁ። ይህን የምትጽፈው እህታቸው እጃቸውን ይዛ ነበረች። በማግስቱ ወንድማችን ሲደርሱ፣ ያልታወቁት አሥራ ዘጠኝ ሬሳዎች በአንድ ጉድጓድ ተቀብረው ነበር።

ጉድጓዱ እንዲከፈት ሁለት ጊዜ አመለከቱ፤ አልተፈቀደም። ሬሳው ላልተገኘ ሰው እንደሚደረገው የያጎ ዛፍ ፍሬ ገንዘን በአባታችን ስም በግቢያችን ቀበርን። እህታቸው ሰባት ዓመት አኮረፈቻቸው፤ ዛሬ ያንን ታፍርበታለች። እናታችን ግን በ1996 እስኪያርፉ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሷቸውም፤ ለወንድማችን የከበዳቸውም እርሱ ነበር። ከዚያ ወዲያ የማይተካውንም ጥርስ በካርዱ ላይ በቀይ ቀለም ይሥሉ ነበር። በ2008 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያስተማሯቸው ሁሉ ዛሬም እንዲሁ ያደርጋሉ።

በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ተሠቃይተው፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ከመሞታቸው በፊት በራስጌያቸው ያለውን የአባታችንን መንጋጋ የጄሶ ቅርጽ እያሳዩ፣ "አባቴ ቤቱ ሳይገባ እኔ እንዴት እገባለሁ? መጀመሪያ እርሱን አስገቡት" አሉን። ካርዱ ያልጻፈውን ጄሶው ይዞት ነበር። ዛሬ ማለዳ የያጎውን መቃብር ከፍተን አኖርነው፤ አፈር ከማልበሳችን በፊት እህታቸው የስድስቱን ጥርሶች ባዶ ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው።

ባለቤታቸው፣ አራት ልጆቻቸው፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውና እህታቸው ቆመው ይሸኟቸዋል። ከራሳችን ጠጉር አንዲቱን እንኳ ሳይቆጥር የማያልፍ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል። አባታችን ገብተዋል፤ ወንድማችንም ይግቡ።