በርሜሉ ባዶ ይሁን

ሰኞ፣ የካቲት 1979

ዛሬም ደፉት። ሁለት በርሜል ሙሉ የተቃጠለ ዘይት፣ ከመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ ጀርባ ባለው ቦይ። ቦዩ ወንዝ ይገባል። የጥገና ክፍል ኃላፊው እኔ ነኝ። የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።

አዴ ጫልቱ ከወንዙ ዳር ጀሪካኗን ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ውሃው ላይ ጥቁር ቅባት ተንሳፍፏል።

"ጠጣው" አለችኝ።

ጀሪካኑን ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ጓድ በላቸው ቀና ብሎ አየኝና "ወንዝ እኮ ይሄዳል ጓድ፤ ነገ ሌላ ውሃ ይመጣል" አለኝ። ጀሪካኑን ወለሉ ላይ ትቼለት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ የሴትዮዋ ዕቃ መሆኑ ትዝ አለኝ። ተመልሼ ወሰድኩት። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ማክሰኞ

ለምን እንደሚደፉት አውቃለሁ። አዲስ ዘይት ለማግኘት ባዶ በርሜል ወደ አዲስ አበባ መመለስ አለብን። ባዶ በርሜል ካልመለስን ዘይት የለም። ዘይት ከሌለ ጌዶ እህል ሊጭኑ የሚሄዱት መኪኖች ይቆማሉ። ይህ እውነት ነው። በርሜል ባዶ የሚሆነው ወንዝ ላይ ሲደፋ ብቻ ነው ያለው ግን ማነው?

ኦቦ ፈይሳ ከጋራዡ አጥር ማዶ ያርሳል። የአጥሩን እንጨት ምስጥ ጨርሶበታል። ምስጥ እንዳይበላቸው የእንጨቶቹን እግር የሚቀባበት የተቃጠለ ዘይት ደጋግሞ ጠይቆ ተከልክሏል። የመንግሥት ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም ነው መልሱ። ዛሬ በሩ ላይ አገኘኝ።

"ኦቦ ጌታቸው፣ አለቃህ ቸር ሰው ነው።"

"እንዴት?"

"ለአጥሬ ከለከለኝ፤ ላሜን ግን በነፃ ያጠጣታል።"

ዘበኛው ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። ላሟ ከትናንት ጀምሮ ወንዙን እያሸተተች ትመለሳለች። ሴቶቹም ከድልድዩ በላይ ወጥተው መቅዳት ጀምረዋል። ዳገት ነው፣ ሩቅ ነው።

ረቡዕ

ስብሰባ። ስለ ንብረት ቁጥጥር ረጅም ንግግር። እጄን አወጣሁ። ዘይቱን ለገበሬ ማኅበሩ እንስጥ፣ በርሜሉም ባዶ ይሆናል፣ ወንዙም ይተርፋል አልኩ።

"ከበላይ መመሪያ አልመጣም" አለ ጓድ በላቸው።

"ወንዝ ውስጥ ለመድፋትስ መጥቷል?"

አንዱ አሳለ። ሃያ ዓመት አብረን የሠራን ሰዎች ጫማቸውን ያዩ ነበር።

ሲያልቅ ጓድ በላቸው በረንዳው ላይ ያዘኝ። "መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል። የቀሩት አራት በርሜሎች እስከ ዓርብ ማታ ባዶ ይሁኑ። ኃላፊነቱ ያንተ ነው።" ዝናው ለእሱ፣ ቆሻሻው ለእኔ።

ሐሙስ

በርሜሎቹን አላስነካሁም። መካኒኩ ገመቹ ሁለት ጊዜ መጥቶ ፊቴን አይቶ ተመለሰ።

ቤት ስገባ ለአስቴር ነገርኳት።

"ለቆሻሻ ዘይት ብለህ ልትታሰር ነው?" አለችኝ።

ጮህኩባት። ልጆቹ ከጓዳ ብቅ ብለው አዩኝ። ሚስቴ ያለችው ልክ ነው፤ በዚህ ዘመን ከዚህም ባነሰ ነገር የገባ ሰው አለ። የጮህኩት ልክ ስለሆነች ነው።

ዓርብ

ጓድ በላቸው ለስብሰባ ጉደር ሄደ። ኦቦ ፈይሳ ዘንድ ሰው ላክሁ። ከሰዓት በኋላ በጋራዡ በር ላይ ዕቃ የያዙ የገበሬዎች ሰልፍ ነበር፦ የዘይት ቆርቆሮ፣ ቅል፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አንዷማ የሽንት ቤት ጣሳ ሳይቀር ይዛ መጥታለች። ገመቹ ይቀዳል፣ ይሰደባል። "ለእኔ ዝቃጩን፣ ለሱ ጥሩውን!" ይሉታል። እሱም "ሁሉም ዝቃጭ ነው፣ ሂዱ!" ይላል።

ዘበኛው ተጠጋኝ። "ጋሼ፣ ማዘዣ አለ?"

"ባዶ አድርግ ተብያለሁ። ባዶ እያደረግሁ ነው።"

አራቱም ባዶ ሆኑ። ወደ ቦዩ ጠብታ አልሄደም። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስ ሲለኝም ንዴቱ አልወጣልኝም። ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ቅዳሜ

መኪናው በርሜሎቹን ጭኖ ሄደ። ጓድ በላቸው አስጠራኝ። ቁጭ በል አላለኝም።

"የመንግሥት ንብረት በትነሃል።"

"ወንዙ ውስጥ ብደፋው መበተን አይባልም ነበር?"

"ለበላይ ጽፌአለሁ። እስኪወሰን ከሥራ ታግደሃል።"

ይዘው ይወስዱኛል ብዬ ነበር። አልወሰዱኝም፤ እስካሁን። አስቴርን ብርድ ልብስና ካልሲ ለብቻ ስታስቀምጥ አየኋት።

አመሻሽ ላይ ገመቹ ቤት መጣ። በአንተ ቦታ መድበውኛል አለኝ። ሰኞ ከጌዶ የሚመለሱት መኪኖች ዘይት ይለወጥላቸዋል። ሌሎች በርሜሎች ይሞላሉ፤ እነሱንም ባዶ አድርግ ተብሏል።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"አላውቅም ጋሼ። እኔም ልጆች አሉኝ።"

ልጮህበት ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

"ተቀመጥ" አልኩት።

አልተቀመጠም። አልሄደምም። በሩን ይዞ ቆሞ ነበር።