ምስማሩ ላይ የሌለው ውታፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጠዋት ዝናብ። ደንበኛ የለም። መቀሱን ሳልኩት... ባይደንዝም ሳልኩት። እጄ ሥራ ሲያጣ ነገር ይፈልጋል።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ከባለቤቴ ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። ጀልባዋን ለብርዱ ወራት ከውሃ የምናወጣበት ቀን ነበር። እንደ ሁልጊዜው መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳች ተጎታቹን ውሃ ውስጥ የምትከተው እሷ፣ ገመድ ያዡ እኔ። ሞተሩም የእሷ ነው። ከአባቷ ነው የተማረችው፤ ጀልባዋንም ከእሳቸው ነው የወረሰችው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሞተር ሲያስነጥስ "ይማርህ" ከማለት በቀር የማውቀው የለም።

ጀልባዋ ደረቅ መሬት ላይ ስትቆም ባለቤቴ ከሥሯ ያለውን የጎማ ውታፍ ነቀለች። በጀልባዋ ሆድ የተጠራቀመው ውሃ ተንዠቀዠቀ። ውታፉን ኮት ኪሷ ከተተችው። ቤት ስንገባ ከኩሽናው በር በላይ ያለችው ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ሲሰቀል ብርዱ ገባ፣ ሲወርድ ሞቀ ማለት ነው። ሰው ሥዕል ይሰቅላል፣ እኛ ውታፍ።

ዛሬ ግን አልተሰቀለም።

ምክንያቱ የጀልባ ማቆሚያው ዘበኛ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ምላሱ ግን መቀርቀሪያ የለውም። "ጋሼ፣ ያ ጥርስ ሐኪም ትናንትም መጥቶ ደጋግሞ አያት። ሊገዛት ነው መሰል?" አለ። እሷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነበር። መጥረጓን ቀጠለች። ጣት በጣት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የራሱን ነገር አውቀዋለሁ፣ ሥራዬ ነው። የአፉን ግን ምን ላድርገው...

ቤት ስንገባ ኮቷን ሳታወልቅ መኝታ ቤት ገባች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

እህቷ ጋ ሄደች። "ትንሽ ልረፍ" አለች። ትንሽ ስንት ነው?

በሩ ላይ ቆማ፦ "የአባቴን ጀልባ ልትሸጥ አስበህ፣ ከእኔ በፊት ጥርስ ሐኪም ይስማ?"

"ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ነገ..."

ከአፌ አመለጠችኝ። በዚህ ቤት ስሜ "አቶ ነገ" ነው። የሚንጠባጠበው ቧንቧ ነገ፣ የላላው የበር ማጠፊያ ነገ። ሌላ ጊዜ ስትጠራኝ ትስቃለች። ዛሬ አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

እግሬ አላርፍ አለ። ከሳሎን ኩሽና፣ ከኩሽና ሳሎን። ሻይ አፈላሁ፣ ረሳሁት፣ ቀዘቀዘ፣ ደግሞ አፈላሁ።

ምስማሯ ባዶ ናት። መሳቢያውን በረበርኩ። የመኪናውን ወንበር ሥር በረበርኩ። የለም። ኮቷን ለብሳ ነው የሄደችው... አውቃ ነው የወሰደችው? ያለ ውታፍ እስቲ ይሸጣት ብላ? ወይስ ኪሷ ውስጥ ረስታው? አውቃ ከሆነ ተቆጥታለች ማለት ነው። ረስታው ከሆነ የባሰ ነው። እሱን ከረሳች እኔንስ?

እስቲ እውነቱን ልጻፈው። የሚያነበው የለ። ጀልባዋን ልሸጣት ያሰብኩት ጠልቻት አይደለም። ፈርቼ ነው። በሙቀቱ ወራት አንድ ቀን፣ ሐይቁ መሃል፣ ከኋላ ጀልባዋን የሚገፋው መዘውር ላይ ሣር ተጠመጠመ። ልትፈታው ጎንበስ አለች፣ ተንሸራተተች፣ ገባች። እኔ ዋና አልችልም። ገመዱን ይዤ ቆምኩ። መወርወር እንኳ አልቻልኩም፤ ጣቴ አልፈታ አለኝ። ብቅ አለች፣ ፀጉሯን ከፊቷ ጠረገች፣ ሳቀች። "ገመዱን ለማን ነው የያዝከው?" አለችኝ። ራሷ ዋኝታ ወጣች።

ለእሷ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ... እኔ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ስከድን የምትታየኝ ብቅ ያለችዋ እሷ አይደለችም። ብቅ ከማለቷ በፊት ያለው ባዶ ውሃ ነው። ይህን መናገር አቅቶኝ ገዢ ፈለግሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

የአንዱን ጢም ስከረክም መጣልኝ። ሊሸጥ ያሰበውን ጀልባ ለብርድ የሚያዘጋጅ ማን አለ? ማንም። ገዢው ይጨነቅበት ይላል። እንግዲያው እኔ ካዘጋጀኋት አልሸጥም ማለቴ ነው። በአፌ ቢያቅተኝ በእጄ ልበለው።

ከሰዓት ወደ ማቆሚያው ሄድኩ። አጠብኳት። ሆዷ ላይ የተጣበቀውን አረንጓዴ ነገር ፈገፈግሁ፣ የጣቴ ቆዳ ተላጠ። የመቀመጫዎቹን ትራሶች ቤት አመጣሁ። ታንኩን ነዳጅ ሞላሁት፤ ጎዶሎ ታንክ ውስጡ ላብ ያልበዋል ስትል ሰምቻለሁ። ከዚያ ሸራውን አልብሼ ዙሪያውን ግጥም አድርጌ አሰርኩት፣ ደንበኛ አንገት ላይ ፎጣ እንደማስረው። ወደ ኋላ ብዬ አየኋት። ቆንጆ።

ሲመሻሽ ደወልኩ። ታላቅ እህቷ አነሱት።

"እትዬ፣ እንደምን አመሹ?"

"ደህና። ተኝታለች።"

በዚህ ሰዓት?

"ስለ ጀልባዋ አንድ ነገር ልጠይቃት ነበር..."

"ስለ ጀልባዋ" አሉ። "አንተ ልጅ፣ ሌላ የምትጠይቃት ነገር የለህም?"

ጢሜ ሸብቶ "አንተ ልጅ" ተባልኩ። "ደህና ይደሩ" ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ደወለች። ላነሳ ስሮጥ የትራሶቹ ክምር ላይ ወደቅሁ።

"ሸራውን እንዴት አሰርከው?"

"ግጥም አድርጌ። ነፋስ አያስገባም።"

"ሻጋታ ልታመርትባት ነው? ውርጩ የአንድ ሌሊት ነው፣ እርጥበቱ የዘወትር። ጎንና ጎኑን ክፍት ተወው፣ ትተንፍስ። አፍንጫዋን ከፍ አድርግ፣ የገባው ዝናብ በውታፉ ቀዳዳ እንዲወርድ።"

"ውታፉ..." አልኩ።

"ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"ሞተሩ ውስጥ የቀረውንም ውሃ አፍስሰው። በግራም በቀኝም መክፈቻ አለው። ከቀዘቀዘ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።" ዘጋችው።

ተመልሼ ሄጄ ሸራውን አላላሁ። ከተጎታቹ አፍ ሥር ድንጋይ ከትቼ አፍንጫዋን ቀና አደረግሁ። ዘበኛው "ትናንት ሲያስሩ፣ ዛሬ ሲፈቱ" ብሎ ሳቀብኝ። ስለ ሸራ ያን ሁሉ ተናገረች። እንዴት ነህ አላለችኝም። እኔስ እንዴት ነሽ ብያታለሁ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጥርስ ሐኪሙ ሊላጭ መጣ። ወንበሩ ላይ አንጋልዬ አረፋውን ቀባሁት።

"እንግዲህ በዚህ ሳምንት ልውሰዳት?" አለ ዓይኑን እንደጨፈነ።

"ዶክተር፣ ጀልባዋ አትሸጥም።"

ዓይኑን ከፈተ። "ቃል ገብተውልኝ አልነበር?"

"ገብቼ ነበር። ግን የእኔ አይደለችም።"

ሌላ ቦታ ቢሆን ይከራከረኝ ነበር። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነው። ቁልቁል አየውና፣ "ይሁን፣ እንደተመቸዎት" አለ። እሱም ሰውን አፍ አስከፍቶ ነው የሚያወራው፣ ነገሩ ይገባዋል።

ቀጥ ብዬ ላጭቼ ሸኘሁት። ከወጣ በኋላ ምላጩን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ልደውልላት ስልኩን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። "አልሸጥኳትም" ብሎ ምስጋና ይጠየቃል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

የጀልባዋን ባትሪ ፈትቼ ቤት አስገባሁት። ሳሎን ተቀምጧል። ከእሱ ጋር እራት በላሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ሞተሩ። ስፈራው የከረምኩት ሥራ።

በሆዴ ተኝቼ ገባሁ። የግራውን መክፈቻ ስፈታው ውሃው ተንዶልዱሎ ወጣ። ደስ አለኝ፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። የቀኙ እንቢ አለ። በዘይት አርሼ፣ በፒንሳ ይዤ፣ እየማልኩ እየተገዘትኩ ፈታሁት። ጠበቅሁ... ምንም። ጠብታ የለም።

ዘበኛው ከላይ ሆኖ "ደርቆ ነዋ ጋሼ" አለ። "ደግሞስ እዚህ ውርጭ የት ያውቅና? ዝም ብለው ነው የሚለፉት።"

እውነቱን ነው። ምንም ካልወጣ ባዶ ነው። ከፍቼ እንደተውኩት ወጣሁ። ጀርባዬ ተቆርጧል፣ ግን ጨረስኩ። አቶ ነገ አንድ ነገር ጨረሰ። ለማን ልንገር?

እሑድ፣ ኅዳር 16

ራዲዮው ዛሬ ሌሊት ውርጭ ይጥላል አለ። ለብዙ ዓመት ያልታየ ዓይነት ነው አሉ። እኔ ግን ልቤ ሙሉ ነው፣ ጨርሻለሁ።

ቀትር ላይ ደወለች። "ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ። ውሃውን አፍስሻለሁ።"

"ከግራው ምን ያህል ወጣ?"

"ባልዲ ይሞላል።"

"ከቀኙስ?"

"እሱ ደረቅ ነው። ምንም የለውም።"

"ጠብታ እንኳ?"

"ጠብታ እንኳ።"

"መጣሁ" አለችና ዘጋችው።

መጣሁ። የምትመጣው ለሞተሩ ነው ለእኔ? ምን አጠፋሁ ደግሞ? ቤቱን ጠረግሁ። ባትሪውን ከሳሎን አነሳሁት። ጢሜን ተላጨሁ፣ አገጬን ቆረጥኩት። የሰው አገጭ ቆርጬ አላውቅም። አውቶቡሱ ሲመሻሽ ነው የሚገባው። ገና ነው። ለማንኛውም ልሂድ፣ እዚያው ልንቆራጠጥ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ትናንት ሲመሻሽ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ያንኑ ኮት ለብሳ ነበር። የመጀመሪያ ቃሏ፦ "የእጅ ባትሪ ይዘሃል?"

ይዣለሁ። ቀጥታ ወደ ማቆሚያው። ፀሐይ እየገባች ነበር፣ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ሸራውን ገልጣ በሆዷ ገባች። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ "ቀጭን ሽቦ" አለች። ዘበኛው ከጎጆው የልብስ መስቀያ ሽቦ አመጣ፣ ቀጥ አድርጌ ሰጠኋት። በቀኙ ቀዳዳ አስገብታ ነቀነቀችው። ትንሽ ዝገት ወጣ። ትንሽ አሸዋ። ከዚያ ውሃው መጣ። እጅጌዋን አራሰ፣ በጀልባዋ ወለል ሄደ፣ በውታፉ ቀዳዳ ወርዶ ጫማዬ ሥር ኩሬ ሠራ። ይህ ሁሉ እዚያ ነበር። ጠዋት በረዶ ሆኖ ሞተሩን ለሁለት ይከፍለው ነበር።

ዘበኛው "ወይ ጉድ" አለና ቀስ ብሎ ወደ ጎጆው ሄደ። እሱም አንዳንዴ ያውቅበታል።

"ምንም ስላልወጣ ባዶ ነው አልክ?" አለች ከሥር።

"አዎ።"

"ተደፍኖ ነው እንጂ።"

ተንፏቃ ወጣች። ጉንጯ ላይ ቅባት አለ። እዚያው ተጎታቹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"ፈርቼ ነው" አልኩ።

"ምኑን?"

"የወደቅሽ ዕለት ገመዱን መወርወር አቃተኝ። አንቺ ሳቅሽ። ባትወጪስ ኖሮ? ቆሜ አይሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጀልባዋ ከሌለች... ውሃ ላይ አትወጪም ብዬ ነው።"

የእጅ ባትሪውን አጠፋች።

"ይህን ለመናገር ጀልባ መሸጥ ያስፈልጋል?"

"አልሸጥኳትም።"

"አውቃለሁ። ዘበኛው ነግሮኛል። ሸራ ለማላላት ተመልሰህ መምጣትህንም፣ ጥርስ ሐኪሙ ተናዶ መሄዱንም።"

"ትደዋወላላችሁ?"

"ምላሱ አንዳንዴ ይጠቅማል" አለች። ከዚያ ሳቀች። ይኸው ነው፣ ሳቀች። እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ ከትቼው ቤት ገባን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ውርጩ ትናንት ሌሊትም ደገመ። ግቢው ነጭ ሆኖ አደረ። የጎረቤታችን ቧንቧ ፈንድቶ ሰውዬው በፒጃማ ሲሯሯጥ አየሁት። እኔም የእኛን የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠዋት አጠበቅሁት። ዛሬ።

ሻይ ላይ ሳለን ኮቷን አምጥታ ውታፉን ከኪሷ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያብሰለሰለኝን ጠየቅኋት።

"አውቀሽ ነው የወሰድሽው?"

"ረስቼው ነው። እህቴ ቤት ደርሼ ኪሴ ውስጥ እጄን ሳገባ ነው ያገኘሁት። በሰው ልልክልህ አስቤ ነበር።"

"ለምን አልላክሽውም?"

ሻይዋን አማሰለች። ስኳር እንኳ አላደረገችበትም።

"ከላክሁት በምን አሳብቤ እመጣለሁ?"

ስኳሩን ወደ እሷ ገፋሁላት።

"አንተ ስቀለው" አለች። እኔ ሰቅዬው አላውቅም። "ሲሞቅ ታወርደዋለህ፣ መጀመሪያ ግን ዋና ትማራለህ። ዳር ዳሩን፣ እስከ ወገብህ። እኔ አስተምርሃለሁ።" ለዋናም "ነገ" ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና እሺ አልኩ።

ወንበር ስቤ ወጣሁ። ምስማሯ ላይ አቧራ ተቀምጦባታል፣ በጣቴ ጠረግኋት። ውታፉን ሰቀልኩት። ወንበሩ ጠንካራ ነው፣ አይነቃነቅም። እሷ ግን እስክወርድ ድረስ ከታች በሁለት እጇ ይዛው ቆመች።