ቀለሙ የተቆረጠ ብረት

ሰኞ

መብሻው ተመልሶ መጣ። ጫፉ ተጨፍልቋል። የበር ማጠፊያ ላይ ቀዳዳ የሚያወጣ፣ እኔ በእጄ ያጠነከርኩት ብረት፣ ሳምንት እንኳ አልሠራም! የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሙቀቱን አሳንሰሽዋል። ምድጃ የሴት ሥራ አይደለም ብዬ ነበር" አለኝ። አላሳነስኩም። ዲ-ቱ ለሚባለው የመሣሪያ ብረት የሚገባውን ሙቀት ሰጥቼ፣ እንደሚገባው በአየር አቀዘቀዝኩት። እስከ ቅዳሜ ጥፋቱ ካልታወቀ ምድጃውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስድስት ዓመት የሠራሁበትን! ምሳዬን እንኳ አልበላሁም።

ማክሰኞ

ስቶር ገባሁ። ሁለት ጥቁር ዘንጎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንዱ ዲ-ቱ፣ አንዱ ዲ-ስሪ። የቱ የቱ ነው? ሲመጡ ጫፋቸው ላይ ቀለም ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። አሁን ሁለቱም ባዶ ናቸው። የስቶር ሠራተኛችን አበራ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "ቀለም ያለበት ጫፍ ለመጋዙ ይቀርባል፤ ሁሌም ከዚያው ነው የምቆርጠው" አለኝ። የመጀመሪያው ቁራጭ ቀለሙን ይዞ ሄዷል ማለት ነው! ከዚያ በኋላስ በምን ትለያለህ? አልኩት። "በቦታቸው ነዋ። በቀኝ ያለው ዲ-ቱ።" ባለፈው ወር ስቶሩ ሲጠረግ ግን ብረቱ ሁሉ ወጥቶ ተመልሶ ገብቷል። እኔም ተሸክሜያለሁ።

ለጋሼ ነገርኩት። "ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አታካብጂ" አለ። ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም! ዲ-ቱ ወፍራም ቢሆንም በአየር ይጠነክራል። ዲ-ስሪ ዘይት ይፈልጋል፤ ያለ ዘይት ለስላሳ ይቀራል። ዲ-ቱን ደግሞ ዘይት ውስጥ ብከተው ሊሰነጠቅብኝ ይችላል።

ረቡዕ

በብልጭታቸው እለያቸው እንደሆነ ብዬ ግራይንደር ላይ አስነካኋቸው። የሁለቱም ብልጭታ አጭርና ቀላ ያለ ነው፤ መለየት አልቻልኩም። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። መብሻውን ለመለሰው ለሀና ማርያሙ ደንበኛ ሌላ መብሻ ታዟል፣ ከበፊቱ የሚበልጥ። "ከአንዱ ቁረጪና ጀምሪ" ይላል። አልቆርጥም አልኩት።

ሐሙስ

— ከሁለቱም ቡጢ የሚያህል ቁራጭ
— አንድ ምድጃ፣ አንድ ሙቀት
— ሁለቱም በአየር፤ ዘይት የለም
— ሞረድ

አበራ ቆረጠልኝ። "እኔን ጥፋተኛ እንዳታደርጊኝ" ይላል፣ ልጆች አሉት። ከሰዓት በኋላ ቀዘቀዙ። ሞረዱ የግራው ላይ ተንሸራተተ፤ ጠንክሯል። የቀኙን ግን በላው! ዲ-ቱ ነው የተባልኩት ዲ-ስሪ ነው። የጮኽኩት ጩኸት መካኒሳ አቦ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ግን እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? መብሻውን ከመስጠቴ በፊት አልሞረድኩትም። ጋሼ ደንበኛው ይጠብቃል ብሎ ገና ለብ እንዳለ ከእጄ ወሰደው፣ እኔም ለቀቅኩለት። አንዴ ብሞርደው ኖሮ ያን ዕለት ይታወቅ ነበር። በራሴም ተናድጃለሁ።

ዓርብ

ጋሼ አልገባም። ውጤቱን ልነግረው ብደውል ስልክም አያነሳም።

ቅዳሜ

ደንበኛው አቶ ደረጀ መጡ። ጋሼ ቀደም ብሎ፣ "ልጅቷ ተሳስታ ነው፤ ሰው ቀይረናል" አላቸው። ሰው ቀይረናል! እኔ እዚያው ቆሜ! ደሜ ፈላ። ሁለቱን ቁራጮችና ሞረዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ "እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት" አልኳቸው። ኮታቸውን አውልቀው ሁለቱንም ሞረዱ። የቀለሙን ነገር አስረዳኋቸው። ሳልሞርድ መስጠቴንም አልደበቅኩም። "ለአዲሱ የትኛው ይሻላል?" አሉ። የጠየቁት እኔን ነው፣ ጋሼን አይደለም። የግራውን አሳየኋቸው። "እንግዲያው አንቺው ሥሪው" ብለው ወጡ።

ጋሼ ይቅርታ አላለኝም። ሰኞ ምድጃውን በስንት ሰዓት እንደማበራ ብቻ ጠየቀኝ። ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግን ሞርጄ ሳላየው ማንም ከእጄ አይወስደውም አልኩት። መሬት መሬቱን እያየ "እሺ" አለ።