ዘጠኝ ሰው ለመደበልኝ ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ አቶ ሀብተ ወልድ፣
የወረዳችን የጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤተሰብዎም ደኅና ይሁን እያልኩ፣ መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ ሃያ ስድስት ዓመት ሚዛን ስጠግን የኖርኩት ሰላሁዲን ከድር እጅ ነስቼ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በርዎ ላይ ሙያ ሀብት ነው የሚል ማስታወቂያ ስለለጠፉ አመሰግናለሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ በዚሁ ሙያ ሦስት ልጆች አስተምሬ ቤት ሠርቻለሁ፤ ለካ ነገሩ እውነት የሚሆነው ማኅተም ሲያርፍበት ኖሯል። ጽሕፈት ቤትዎ በሰጠን የአምስት ቀን ሥልጠና ሙያ እንዴት እንደሚያበላ ሲያስረዳን የነበረው ወጣት፣ በሻይ ሰዓት ጠጋ ብሎ በወር ስንት እንደማገኝ ጠየቀኝ። ከነገርኩት በኋላ ድምፁ እንደ ጠዋቱ አልወጣለትም።

ሁለተኛ፣ የምሠራበት በረንዳ ሲፈርስ ሼድ እንዲሰጠኝ ባመለክት፣ ሼድ ለግለሰብ አይሰጥም፣ ዐሥር ሆነህ ተደራጅ ተባልኩ። መርካቶ ቢበረበር ዐሥር ሚዛን ጠጋኝ አይገኝም ብል፣ ዘጠኙን ከሥራ ፈላጊዎች መዝገብ ራስዎ መደቡልኝ። ሁሉም የተመረቁ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ካቻቪቴ በየት በኩል እንደሚያዝ አለማወቃቸው ብቻ ነው። ላስተምራችሁ ብላቸው፣ ዲግሪ ይዘን እጃችንን ግሪስ አናስነካም ብለው ሳቁብኝ። ደመወዙን ግን በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ዘጠኝ ለአንድ በሆነ ድምፅ የፖለቲካ ሳይንስ ምሩቁን በሪሁንን ሊቀመንበር፣ እኔን ተራ አባል አደረጉ። በሁለተኛው ስብሰባ በዚያው ድምፅ ብረት ጠፍሬ የምይዝበት ሞርሳዬ፣ ፒንሳዎቼና የመለኪያ ድንጋዮቼ የማኅበሩ ንብረት ሆኑ፤ እርስዎም ቃለ ጉባኤውን አጸደቁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ አጥርም ስለሌለኝ ይሆናል ቀጥታ ጓዳ የገቡት። አሁን ዕቃዬ ለማኅበሩ በተሰጠው ሼድ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉን የያዘው በሪሁን ለልምድ ልውውጥ ሐዋሳ ከወረደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ የትኛውን ልምድ ይዞ እንደሄደ ግን ቃለ ጉባኤው አይገልጽም።

የእህል ነጋዴዎች ሚዛናቸውን አሸክመው መጥተው ይመለሳሉ፤ እኔ ባዶ እጄን ቆሜ አያቸዋለሁ። ጌታዬ፣ ይኼ ያናድዳል፤ እውነቱን ለመናገር ያስለቅሳልም። የምለምንዎ ዕቃዬን ብቻ ነው። ሼዱን ዘጠኙ ይሰብሰቡበት።

በድምፅ ብልጫ ከገዛ ሞርሳው የተለየው ታዛዥዎ፣
ሰላሁዲን ከድር
የካቲት 2004 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በማኔጅመንት ተመርቆ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠው ልጅዎ አዲስዓለም ትናንት መጥቶ ሙያውን እንዳስተምረው ለመነኝ። ማኅበር ውስጥ ላስገባህ ብለውት እንቢ እንዳለዎትም አጫውቶኛል። እኔ እሺ ብዬዋለሁ፤ ለአባቴ አትንገርብኝ አላለኝም። የሚማርበት ዕቃ ግን እርስዎ ያስቆለፉበት ሼድ ውስጥ ነውና፣ ለእኔ ባይሆን ለእሱ ሲሉ ያስከፍቱት።