በሰሌዳው ላይ ስላሉት አምስት ነርሶች

ለተከበሩ የቦርከና ማዶ ጤና ጣቢያ ኃላፊ፣
ከሚሴ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። ታመው እኛ ደጃፍ ከመድረስ አላህ ይጠብቅዎ፤ ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው፣ ተረኛዋ እኔ ነኝና።

፩ኛ፦ አራቱ ባልደረቦቼ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ ተተኪ እስኪመጣ ስማቸው ከተረኞች ሰሌዳ እንዳይፋቅ ስላዘዙልን እጅግ አመሰግናለሁ። ከዞን የመጡት ተቆጣጣሪዎችም አምስት ስም አይተው አመስግነውን ሄደዋል። ሕመምተኛው ግን ሰሌዳውን እያነበበ ይጣራል። ሲስተር ሙና ሲል አቤት እላለሁ፣ ሲስተር ሚስራ ሲልም አቤት እላለሁ። ቶይባ ብለው ሲጠሩኝ ግን የሌላ ሰው ስም እየመሰለኝ ዝም ማለት ጀምሬያለሁ።

፪ኛ፦ መልቀቂያ ስጠይቅዎ፣ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ደመወዝሽን ይውጠዋል ብለው እንደ አባት መክረውኛል። እውነትዎን ነው። ሚስራ አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይታ ትኖራለች፤ ጦሟን የምታድርበት ቀን እንዳለም በስልክ ነግራኛለች። ግን ሥራ ላይ አጠገቧ ሌላ ነርስ ስላለች ቤቷ ስትገባ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ እዚህ በርካሽ ቤት፣ ጠግቤ በልቼ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ወር አለፈኝ።

፫ኛ፦ ምክንያቱን ሪፖርትዎ ላይ ስላላየሁት ልንገርዎ። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኢብራሂም የሚባል የጨፋ ሮቢት ገበሬ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ፋጡሜን በባጃጅ አመጣ። አዋላጅ ስለሌለን ሕፃኗን እኔው ተቀበልኩ። ሌላ ክፍል ትንፋሽ ያጠረው አንድ ሕመምተኛ ልጅ ስለነበር ወደ እሱ ሮጥኩ፤ ፋጡሜም በዚያው መድማት ጀመረች። ኢብራሂም ሰሌዳው ሥር ቆሞ አምስቱንም ስም በየተራ ሲጣራ እየሰማሁ፣ እጄን ከልጁ ላይ ማንሳት አልቻልኩም። ሚስራ ሲል አቤት ብዬ ስደርስ የፋጡሜ ሕይወት አልፎ ነበር።

«አምስት ናችሁ ይላል እኮ፤ አንዳችሁ እንኳ አትሰሙም?» አለኝ።

ክቡርነትዎ ለዚህ መልስ ካለዎት በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ። ጥሪው እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ባዶ ኮሪደር ላይ ቆሜ አቤት የምልበት ጊዜ አለ፤ ራሴን እየፈራሁት ነው።

ስለዚህ መልቀቂያዬን እንዲሰጡኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ስሜን ሰሌዳው ላይ ማስቀረት ከፈለጉ ቅር አይለኝም፤ ከእኔ ይልቅ ለሥራው የሚጠቅመው እሱ ሆኗልና።

ለቁጥራችን መሙላት ሌት ተቀን የሚጨነቁትን ኃላፊዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ሲስተር ቶይባ፣ እንዲሁም ስለ አራቱ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ኢብራሂም ባለፈው ሳምንት ሕፃኗን ለክትባት ይዞ መጥቶ ነበር። ልጄን ስላተረፍሽልኝ በስምሽ ጠርቻታለሁ ብሎ መረቀኝ። ስሟን ሚስራ ብሏታል። እኔ ማረም አቅቶኛል፤ እርስዎ ያርሙለት።