የጅብ ቀዳዳ ያለው ግንብ

ሰኞ

የፎም ፍርፋሪ ከጺሜ አልወጣ አለ። ፎሙን ከቀረጽኩ ወር አልፎኛል፤ ዛሬም መስጊድ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ አነሳልኝ። ከባድ በደል ነው።

ለዓሣዋ ገንዳ የሠራሁት ትንሹ ግንብ ግን ደህና ነው። የማሸጊያ ፎም በቢላዋ ቀርጬ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ከደረቅ ጨው ጋር አቡክቼ ለበጥኩት። ጨው ሲሟሟ እንደ ባሕር ድንጋይ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ከታች የጅብ መግቢያ አለው፤ ኤረር በር አጠገብ፣ ጅብ ሌሊት ከሚገባበት ከከተማችን ግንብ ከጀጎል የኮረጅኩት ነው። አሁን በርሜል ውስጥ ተነክሮ የሲሚንቶውን መርዝ እየለቀቀ ነው።

ዓሣዋ የእህቴ የአሚና ናት፤ የጅቡቲ ሾፌር ያመጣላት። አሚና ስትሞት ልጇ ሐያት ድሬዳዋ አባቷ ጋ ሄደች። ስትሄድ "እሷን ብቻ አትግደልብኝ" አለችኝ። ከዚያ ገንዳው ውስጥ የነበረው የድሮው ድንጋይ ተንዶ ተሰባበረ። ዓሣዋ መደበቂያ ስታጣ መብላት አቆመች። ለሐያት በስልክ "ወፍራለች፣ ሰላም ትልሻለች" እላታለሁ።

ማክሰኞ

አልበላችም። ጥግ ይዛ ትተነፍሳለች። ማዘን ነበረብኝ፤ ምሳዬን በላሁ። አሚና የተቀበረች ዕለትም ሰው ሲያለቅስ እኔ በር ላይ ጫማ እደረድር ነበር። የሁለት ሰዎችንም ጫማ አቀያይሬያለሁ።

የውሃ መርዝ መለኪያው ወረቀት የበርሜሉ ውሃ ጠራ ይላል። ግንቡን ግቢ ውስጥ አሰጣሁት። ነገ ይገባል።

ረቡዕ

ከጊደር መጋላ ገበያ ስመለስ ግንቡ ነጭ ሆኗል።

ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ጎረቤቴ እትዬ ዘይነብ የግቢውን ግድግዳ ኖራ ሲቀቡ የእኔንም ቀብተውታል። የጅቡ ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር፣ በጥንቃቄ።

"ያንተ ብቻ ጠቁሮ ጾም ይግባበት? አሚና ብትኖር ትቀባው ነበር" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ኖራ የነካው ውሃ ውስጥ ዓሣዋ እንደማታድር እንዴት ልንገራቸው? እጃቸውን መርቄ፣ ዓሣዋንም ቢቀቧት አይከፋም አልኳቸው። ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

ሐሙስ

በሽቦ ብሩሽና በኮምጣጤ ስፍቅ ዋልኩ። እትዬ ዘይነብ ኖራው ዓሣዋን እንደሚገድል ስፍቅ ካየኝ ልጃቸው ሰምተው ኖሮ የራሳቸውን ብሩሽ ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀምጠው ይፍቁ ጀመር። የጅቡ ቀዳዳ ውስጥ የእሳቸው እጅ ይገባል፣ የእኔ አይገባም።

ዓይኔ አነባ። ለቅሶዬ ደረሰ ብዬ ጠበቅኩ። ኮምጣጤው ብቻ ነበር።

ማታ ሐያት ደወለች። ዓሣዋ እንዴት ናት አለች። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፤ "ረመዳን ሳይገባ ጾም እየተለማመደች ነው" አልኳት።

አልሳቀችም። ስልኩን ዘጋች።

ዓርብ

ግንቡ ሌሊቱን በርሜል ውስጥ አድሮ፣ ወረቀቱ ውሃው ጠራ አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ከጁምዓ መልስ ግንቡን አስገባሁት። ዓሣዋ ንቅንቅ አላለችም። ቆይታ ዞረችው። ቆይታ በጅቡ ቀዳዳ ገባች፣ አልወጣችም። ለመኖር ትግባ ለመሞት አላውቅም። ምግቡን ደጃፏ ላይ ጣል አድርጌ ይህን እጽፋለሁ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘይነብ አያንኳኩም፣ ዝም ብለው ነው የሚገቡት።

"አጎቴ፣ ክፈት። ከመቼ ጀምሮ ነው የጾመችው?"

ሐያት ናት። ወደ ገንዳው ዞርኩ። ከቀዳዳው የዓሣዋ አፍ ብቅ ብሏል። ምግቡ ቅድም ከነበረበት ቦታ የለም፤ ውሃው ወስዶት ይሆን?

ልክፈትላት፤ በልታ እንደሆነ እሷው ትየው።